ለስላሳ ንፋስ፣ ደልዳላ ሰውነት፦ የዊንድሰርፊንግ ቦርድ አመራረጥ ደረጃ በደረጃ

ዊንድሰርፊንግ ሸራ በተተከለበት ቦርድ ላይ ቆሞ በንፋስ ኃይል ውሃ ላይ መሄድ ነው። ክብደቱ ከ95 ኪሎ በላይ የሆነ ሰው የዊንድሰርፊንግ ቦርድ ልግዛ ሲል የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ "ትልቅ ግዛ!" ምክሩ አልተሳሳተም፤ ግን አላለቀም። ትልቅ በምኑ? በሊትሩ፣ ማለትም በይዘቱ? በስፋቱ? በርዝመቱ? ሦስቱም የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ሊትሩ ቆመን ሳለን ያንሳፍፈናል። ስፋቱ በደካማ ንፋስ ፍጥነት እንድንይዝ ያግዘናል። ርዝመቱ ደግሞ ንፋሱ ጭራሽ ሲደክም እንኳ እንድንጓዝ ያደርገናል። ሊትር ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚንሳፈፍ ግን የማይሄድ ቦርድ ይዞ ይቀራል።

ከባድ መሆን በዚህ ስፖርት ጉዳት ብቻ አይደለም። ትልቅ ሸራ ለመያዝ ክብደት ራሱ ጉልበት ነው። ንፋሱ ለአፍታ ሲቋረጥም ከባድ ሰው የያዘውን ፍጥነት ቶሎ አይለቅም። ችግሩ ያለው መነሻው ላይ ነው፤ ቦርዱ ውሃውን እየገፋ ከመሄድ ወጥቶ በውሃው ገጽ ላይ መንሸራተት እስኪጀምር ባለው ጊዜ። ይህ መንሸራተት ፕሌኒንግ ይባላል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በአብዛኛው የሚያተኩሩት ይህን መነሻ በማቅለል ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ራሳችሁን ከነዕቃችሁ መዝኑ

ጠዋት በባዶ ሆድ ሚዛን ላይ የሚታየውን ቁጥር እርሱት። ቦርዱ የሚሸከመው እናንተን ብቻ አይደለም። ውሃ የጠጣ ልብስ አለ፣ ሃርነስ (ወገብ ላይ ታስሮ ከሸራው ጋር የሚያያዝ ቀበቶ) አለ፣ ሸራው ከነማስቱ (ከሚቆምበት ምሰሶ) እና ከነቡሙ (በእጅ ከሚያዘው ዘንግ) አለ፣ ቦርዱም የራሱ ክብደት አለው።

105 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንውሰድ። እርጥብ ልብሱና ሃርነሱ 4 ኪሎ ይሆናሉ። 9 ካሬ ሜትር የሆነ ሸራ ከነሙሉ ዕቃው ወደ 12 ኪሎ ይጠጋል። ቦርዱ ከነፊኑ (ከጅራቱ ሥር ከሚገባው ክንፍ) እና ከነእግር ማሰሪያው 11 ኪሎ ነው እንበል። ድምሩ 132 ኪሎ። 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 1 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ይህ ሰው 132 ሊትር በሆነ ቦርድ ላይ ሳይንቀሳቀስ ቢቆም ቦርዱ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ይገባል። አይሰምጥም፣ አይንሳፈፍም። እዚያ ላይ ቆሞ ሸራ ከውሃ መጎተት ደግሞ እንኳን ለጀማሪ ለለመደም ሰው ፈተና ነው።

ስለዚህ ከዚህ ድምር በላይ ትርፍ ሊትር ያስፈልጋል። ምን ያህል? የሚወሰነው በችሎታችሁ ነው። ገና ሸራ መጎተትና መዞር የምትማሩ ከሆነ፣ በሰውነታችሁ ክብደት ላይ 100 ሊትር ያህል ጨምሩ። ለ105 ኪሎ ሰው ይህ ወደ 200 ሊትር ነው። መዞር የለመዳችሁ፣ ሃርነስ መጠቀም የጀመራችሁ ከሆነ ከ50 እስከ 70 ሊትር ጭማሪ ይበቃል። ልምድ ያላችሁ፣ ንፋሱ ቢጠፋ ወደ ዳር መመለስ የማያስጨንቃችሁ ከሆነ ከ35 እስከ 45 ሊትር። ከዚያ በታች ከወረዳችሁ፣ ንፋስ በጠፋ ቁጥር እስከ ጉልበታችሁ ውሃ ውስጥ ገብታችሁ እንደምትቆሙ ከወዲሁ እወቁት።

አንድ ትንሽ ማስታወሻ። የባሕር ውሃ ጨው ስላለው ከሐይቅ ውሃ በ2.5 በመቶ ገደማ ይከብዳል። 150 ሊትር ቦርድ ባሕር ላይ ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ ተጨማሪ ክብደት ይሸከማል ማለት ነው። በትርፍ ሊትር ለተቸገረ ሰው 4 ኪሎ ቀላል አይደለም።

ደረጃ 2፦ የምትሄዱበትን ውሃ ንፋስ በቁጥር እወቁ

"ቀላል ንፋስ" የሚለው ቃል ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ12 ኖት ሲበር፣ 105 ኪሎ የሚመዝነው አጠገቡ ቆሞ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ ወሬ ትታችሁ ቁጥር ያዙ። 1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። በእጅ የሚያዝ የንፋስ መለኪያ ካገኛችሁ ጥሩ። ካላገኛችሁ ውሃውን ተመልከቱ፤ ነጫጭ አረፋ እዚህም እዚያም ብቅ ማለት ሲጀምር ንፋሱ ብዙውን ጊዜ ወደ 10 ኖት ተጠግቷል።

ቁጥሩ ለምን ያስፈልጋል? ሰርፈሮች የሚጠቀሙበት አንድ ግምታዊ ስሌት አለ። ክብደታችሁን በኪሎ በ1.34 አባዙና ለንፋሱ ፍጥነት በኖት አካፍሉት። የምታገኙት ቁጥር ዘና ብሎ ፕሌን ለማድረግ የሚያስፈልገው የሸራ ስፋት ነው፣ በካሬ ሜትር። 105 ኪሎ ለሆነ ሰው በ15 ኖት 9.4 ይመጣል። በ12 ኖት 11.7 ይሆናል። በ10 ኖት ደግሞ 14 ይደርሳል።

ስሌቱ ሕግ አይደለም። ሸራውን በደንብ ማርገብገብ፣ ማለትም ደጋግሞ ወደ ራሱ እየሳበ መልቀቅ የሚችል ሰው ባነሰ ሸራም ይነሣል። ግን ትልቅ እውነት ይነግረናል። ውሃችሁ አብዛኛውን ጊዜ 14 እና 15 ኖት የሚነፍስበት ከሆነ፣ መደበኛ ሰፊ ቦርድና 9.5 ሸራ ያስደስታችኋል። 11 እና 12 ከሆነ በጣም ሰፊ ነገር ያስፈልጋል። ከ10 በታች ከሆነ ግን በተራ ቦርድ ፕሌን ለማድረግ መመኘት ገንዘብ ማባከን ነው። እዚያ ሌላ ዓይነት ቦርድ አለ፤ ቀጥሎ እመጣበታለሁ። ብዙ ሰው ቦርድ የሚገዛው በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚመጣው ጥሩ ንፋስ ነው። እባካችሁ አዘውትሮ ለሚነፍሰው ንፋስ ግዙ።

ደረጃ 3፦ መንሸራሸር፣ መሮጥ ወይስ መብረር?

ምርጫው እዚህ ላይ በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ከታች ዳገርቦርድ ያለው ረጅም ቦርድ ነው። ዳገርቦርድ ከቦርዱ መሐል ወደ ውሃ የሚወርድ፣ ሲያሻ የሚታጠፍ ክንፍ ነው። ቦርዱ በንፋስ ወደ ጎን እንዳይገፋ ይይዘዋል፣ ንፋሱን ተቃርኖ መውጣትንም ያቀላል። የእነዚህ ቦርዶች ርዝመት ከ3.5 ሜትር ይጀምራል፣ ይዘታቸውም ከ200 ሊትር በላይ ነው። ዊንድሰርፈር ኤልቲ የሚባለው 3.66 ሜትር ርዝመት አለው። ኮና ዋን የሚባለው 3.5 ሜትር ነው። የኮና ውድድር ለከባድ ሰው ደስ የሚል ሥርዓት አለው፤ የሸራው መጠን በተወዳዳሪው ክብደት ይመደባል። እኔ ይህን ዓይነት ቦርድ በጣም እወዳለሁ። በ6 ኖት ንፋስ ሌላው ሰው ዳር ተቀምጦ ሰማይ ሲያይ፣ ረጅም ቦርድ ያለው ከባድ ሰው ውሃው ላይ ነው። ፕሌን ማድረግ አያስፈልገውም፤ ርዝመቱ ብቻውን ያስኬደዋል። ችግሩ ማጓጓዣውና ማስቀመጫው ነው። መኪናችሁንና ቤታችሁን ለክታችሁ ግዙ።

ሁለተኛው ያለ ዳገርቦርድ የሚሠራ ሰፊ ቦርድ ነው። እዚህ ውስጥ ፍሪራይድ፣ ስላሎምና ፎርሙላ የሚባሉት ይገኛሉ። ፍሪራይድ ለመዝናናት ነው፤ ለከባድ ሰው የሚሆኑት ትልልቆቹ ከ75 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ከ145 እስከ 175 ሊትር ይዘት አላቸው። ስላሎም ለፍጥነት ነው፤ ጠባዩም ኮስተር ያለ ነው። ፎርሙላ በቀላል ንፋስ ለመወዳደር ታስቦ የተሠራ ነው፤ ወደ 1 ሜትር የሚጠጋ ስፋት፣ 70 ሴንቲ ሜትር ፊንና እስከ 12.5 ካሬ ሜትር የሚደርስ ሸራ ይይዛል። ፎርሙላ እንደ ቀድሞው በብዛት ስለማይነዳ ያገለገለ ቦርድ በርካሽ ሊገኝ ይችላል። በ10 እና በ11 ኖት ከባድ ሰውን በፊን ብቻ ፕሌን ለማስደረግ ከሱ የሚበልጥ ቦርድ አላውቅም። ግን ዕቃው ብዙ ነው፣ አያያዙም ትዕግሥት ይጠይቃል። ለመጀመሪያ ቦርድነት አይሆንም።

ሦስተኛው ፎይል ነው። በፊኑ ቦታ ከታች ክንፎች ያሉት ምሰሶ ይገባል፣ ፍጥነት ሲገኝ ቦርዱ ከውሃው በላይ ይነሣል። በኦሎምፒክ ከ2008 ጀምሮ ያገለገለው አርኤስ፡ኤክስ ቦርድ በ2024 በፓሪስ በአይኪው ፎይል ተተክቷል። የአይኪው ፎይል ቦርድ 95 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ወንዶቹ 9፣ ሴቶቹ 8 ካሬ ሜትር ሸራ ይይዛሉ። ለመዝናኛ የሚነዳ ከባድ ሰው ግን የውድድሩን 900 ካሬ ሴንቲ ሜትር የፊት ክንፍ አይከተል። ከ1,500 እስከ 2,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚሆነው በዝቅተኛ ፍጥነት ያነሣዋል። በ8 እና በ10 ኖት ከውሃ በላይ መነሣት የሚቻለው በዚህ ነው። ምሰሶው ረጅም ስለሆነ ውሃው ቢያንስ እስከ ደረት መድረስ አለበት። ሄልሜትና አካልን ከምት የሚከላከል ጃኬት ሳትለብሱ አትሞክሩት።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ማጣመር ለምትፈልጉ፣ የፊን ማስገቢያው ለፎይል የተጠናከረ ሰፊ ፍሪራይድ ቦርድ አለ። "ለፎይል የተዘጋጀ" ተብሎ ካልተሠራ ግን በምንም ምክንያት ፎይል አትክተቱበት። ፎይል በማስገቢያው ላይ የሚፈጥረው ጫና ከፊን እጅግ ይበልጣል፤ በከባድ ሰው ሥር ደግሞ ቦርዱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ደረጃ 4፦ ስፋቱን ሁለት ቦታ ለኩ

ሻጩ የሚነግራችሁ ስፋት የቦርዱ ሰፊው ቦታ ነው። እሱ ብቻውን አይበቃም። ሜትር አውጡና ከጅራቱ ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ቆጥራችሁ እዚያ ላይ ያለውን ስፋት ለኩ። ለከባድ ሰው ከሁሉ ወሳኙ ቁጥር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለምን? ፕሌን ለማድረግ ስትሞክሩ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ፣ እግራችሁንም ወደ ማሰሪያው ትልካላችሁ። ክብደታችሁ በሙሉ ጅራቱ ላይ ያርፋል ማለት ነው። ጅራቱ ጠባብ ከሆነ ይሰምጣል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣል፣ ቦርዱም ውሃውን እያረሰ ይቆማል። ያቺን ቅጽበት የሚያውቃት ሰው ያውቃታል፤ ልትነሡ ስትሉ አንድ ነገር ወደ ኋላ የሚጎትታችሁ ይመስላል። ሁለት ቦርዶች ሁለቱም 155 ሊትር፣ ሁለቱም 82 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሊኖራቸው ይችላል። አንዱ ጅራቱ ጋ 52 ሌላው 60 ከሆነ ግን በእናንተ ክብደት ሥር ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

ቦርዱን ገልብጣችሁ ሆዱንም እዩ። ረጅም ቀጥ ያለ ማስመሪያ ከጅራቱ ወደ ፊት አስቀምጡበት። ቀጥ ብሎ የሚሄደው ርቀት በረዘመ ቁጥር ቦርዱ ቶሎ ይነሣል። ሆዱ ወደ ላይ መታጠፍ ቶሎ ከጀመረ ቦርዱ ለመዞር ይመቻል፣ በደካማ ንፋስ ግን ይዘገያል።

ሰፊ ጅራት ዋጋ ያስከፍላል። ረጅም ፊንና ትልቅ ሸራ ይፈልጋል። ንፋሱ ድንገት ወደ 18 እና 20 ኖት ካለፈ ቁርጭምጭሚት ያደክማል፣ ማዕበል ላይም ይዘላል። ውሃችሁ ብዙ ጊዜ የሚናወጥ ከሆነ ከመጨረሻው ሰፊ አንድ ደረጃ ዝቅ በሉ።

የእግር ማሰሪያዎቹን ቀዳዳዎችም ተመልከቱ። ወደ መሐልና ወደ ፊት የሚያስቀርብ ቀዳዳ ከሌለ፣ ፕሌን ሳትጀምሩ እግራችሁን ማስገባት ይከብዳችኋል።

ደረጃ 5፦ ሸራውንና ፊኑን አብራችሁ አስቡ

ቦርዱ ብቻውን ምንም አያደርግም። የቦርዱ ስፋት፣ ሸራውና ፊኑ እንደ ሦስት ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ካጠረ ድስቱ አይቀመጥም።

ብዙ ሰው ቦርዱ አልነሣ ሲለው ሸራ ይጨምራል። እስቲ ሒሳቡን እንየው። ከ8.5 ወደ 9.5 ካሬ ሜትር ብትሄዱ ጉልበታችሁ በ12 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የንፋስ ግፊት ግን በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ንፋሱ ከ10 ወደ 11 ኖት ሲጨምር ግፊቱ በ21 በመቶ ያድጋል። አንድ ሙሉ ካሬ ሜትር ሸራ የሚሰጣችሁ የግማሽ ኖት ያህል ለውጥ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሸራው ይከብዳል፣ ረጅም ማስትና ረጅም ቡም ይፈልጋል፣ ከውሃ ሲጎተትም ወገብ ይፈትናል። በእኔ አስተያየት ለመዝናናት የሚነዳ ሰው ከ9.5 ወይም ከ10 በላይ ባይሄድ ይሻላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ሥራ ሰፊ ጅራት፣ ጥሩ ፊንና ሸራ የማርገብገብ ችሎታ ይሥሩት።

ፊን በጣም የተናቀ ዕቃ ነው። ከቦርዱ ጋር የሚመጣው ፊን ብዙ ጊዜ ለመካከለኛ ክብደት የታሰበ ነው። ከ75 እስከ 85 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ቦርድና ለ9 ካሬ ሜትር ሸራ ከ46 እስከ 56 ሴንቲ ሜትር ፊን ፈልጉ፤ ክብደታችሁ ሲጨምር ወደ ላይኛው ቁጥር ተጠጉ። አጭር ፊን ላይ ጠንክራችሁ ስትረግጡ ጅራቱ ወደ ጎን ያመልጣል። አዲስ ቦርድ ከመግዛታችሁ በፊት አሁን ባላችሁ ቦርድ ላይ ረዘም ያለ ፊን ሞክሩ። ችግራችሁ እዚያው ሊፈታ ይችላል።

ቡሙ ደካማ ከሆነም ጉልበታችሁ በከንቱ ይሄዳል። ትልቅ ሸራ ያለው ረጅም የአልሙኒየም ቡም በከባድ ሰው እጅ ይለመጣል። ገንዘብ ከተረፈ ጠንካራ ቡም ላይ አውሉት።

ደረጃ 6፦ የቀለለውን ሳይሆን የጠነከረውን ምረጡ

አንድ ሞዴል ብዙ ጊዜ በሁለት አሠራር ይቀርባል። አንደኛው በካርበን የተሠራ፣ ቀላልና ውድ። ሌላው ከፋይበር ግላስ የተሠራ፣ ከ1 እስከ 2 ኪሎ የሚከብድ፣ ግን ርካሽ። ወደ ደረጃ 1 ስሌት ተመለሱ። ጠቅላላ ጭነቱ 132 ኪሎ ለሆነ ሰው 1.5 ኪሎ መቀነስ 1 በመቶ ያህል ነው። ያ ገንዘብ በፊንና በቡም ላይ ቢውል ለውጡ ጎልቶ ይታያል። በተለይ ተረከዛችሁ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ወፍራም ስፖንጅ መኖሩን አረጋግጡ። ከባድ ሰው ቦርድ የሚያበላሸው በብዛት እዚያ ነው።

ደረጃ 7፦ ያገለገለ ቦርድ ከሆነ በእጃችሁ መርምሩ

ያገለገለ ቦርድ መግዛት ነውር የለበትም። ትልልቅ ቦርዶች ብዙ ጊዜ ብዙ ሳይነዱ የሚሸጡ ናቸው። ግን ለከባድ ሰው ምርመራው ጠበቅ ይላል።

በሁለቱም አውራ ጣቶች ማሰሪያዎቹ አካባቢና ተረከዝ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ወደ ውስጥ የሚገባ ወይም የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካሰማ፣ የላይኛው ሽፋን ከውስጡ ተላቋል። ከዚያ በጣት አንጓ መላውን ቦርድ አንኳኩ። ጥርት ያለ ድምፅ ሲሄድ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ድፍን ካለ፣ እዚያ ችግር አለ። ቦርዱን መዝኑና ፋብሪካው ከጻፈው ክብደት ጋር አወዳድሩ። ማሰሪያና ፊን ተነሥቶለት ከ1 ኪሎ በላይ ከከበደ ውሃ ጠጥቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። የማስቱ መሠረት የሚታሰርበትን መስመርና የፊን ማስገቢያውን ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ እንዳለው እዩ። ትንሽ ስንጥቅ ከጠረጠራችሁ የአየር ማስተንፈሻ ብሎኑን ዝጉ፣ ቦርዱን ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ላይ አሙቁና የሳሙና ውሃ ቀቡበት። አረፋ ከተነፋ ቦርዱ ያስተነፍሳል፣ ስለዚህ ውሃም ያስገባል።

ሻጩ ቦርዱን እንዳትነኩ ካጣደፋችሁ ሌላ ፈልጉ።

ደረጃ 8፦ ከመክፈላችሁ በፊት ውሃ ላይ ሞክሩት

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። የሚቻል ከሆነ አትዝለሉት። ኪራይ ካለ ተከራዩ፣ ወዳጅ ካላችሁ ለምኑ።

መጀመሪያ ያለ ሸራ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቦርዱ ላይ ውጡና ቁሙ። ውሃው ጠርዙን አልፎ እግራችሁን የሚያጥብ ከሆነ ትርፍ ሊትራችሁ አንሷል፤ ሸራው ሲጨመርበት ይብሳል። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ቀጥሎም ወደ ጠርዙ ቀረብ በሉ። ቦርዱ ቀስ ብሎ ካጋደለ ጥሩ ነው። ድንገት ከገለበጣችሁ፣ ስፋቱ ወይም የጠርዙ ውፍረት ለእናንተ አልተሠራም።

ቀጥላችሁ ሸራውን አስገቡና ደጋግማችሁ ከውሃ ጎትቱት። የደከመ ሰው ምን እንደሚገጥመው ማወቅ ያለባችሁ አሁን ነው፣ ዳሩ ርቆ ሳለ አይደለም። ንፋሱ ከፈቀደ ሸራውን አርገብግቡና ለመነሣት ሞክሩ። ከማሰሪያው ፊት ቆማችሁ ሃርነሱ ላይ ተንጠልጠሉ፤ በዚህ ጊዜ ክብደታችሁ በቡሙና በማስቱ በኩል ወደ ቦርዱ ፊት ይሄዳል፣ ጅራቱም ይቀልለዋል። ቦርዱ መንሸራተት ሲጀምር መጀመሪያ የፊት፣ ቀጥሎ የኋላ እግራችሁን አስገቡ። በዚህ መሐል ቦርዱ ፍጥነቱን ከያዘ ቦርዳችሁን አግኝታችኋል። የኋላ እግር በገባ ቁጥር የሚቆም ከሆነ ደግሞ ከመመለሳችሁ በፊት ሁለት ነገር ለውጡ፤ የማስቱን መሠረት ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት አስጠጉ፣ ማሰሪያዎቹንም ወደ ፊተኛው ቀዳዳ አዛውሩ። አሁንም ከቆመ ጅራቱ ለእናንተ ጠባብ ነው፤ ሰፋ ያለ ጅራት ያለውን ቀጣይ መጠን ጠይቁ።